የማጉያው ማሳ

ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ተገጠሙልኝ። ለተማሪዎቼ የምቀርጸውን ትምህርት እያዳመጥኩ እንዳርም ታስቦ ነው። መሰኪያው ገና ከመግባቱ፣ ማንም ሳይናገርባቸው፣ «እምምም» ማለት ጀመሩ። ቀጭን ድምፅ አይደለም፤ ጮክ ያለም አይደለም። አፉን ገጥሞ አንድ ነገር ለመናገር የሚያመነታ ሰው ድምፅ ይመስላል። የገጠመልኝ ወጣት ሽቦውን ነካ ነካ አደረገ፣ መሰኪያውን አገላበጠ፣ በመጨረሻም «ግራውንድ የለውም እትዬ» አለኝ። «ማሳ የለውም ማለትህ ነው?» አልኩት። ልጁ ደሴ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የእርሻ ነገር የጀመርኩ መስሎት ፈገግ አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እኔ ማጉያዎቹን ሳላጠፋ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ቆየሁ። ያንን ቃል እኛ ሰፈር ያመጣው ሰው ይማም ይባል ነበር።

ጋሽ ይማም የጋሸና ሰው ነው። ጋሸና ያኔም ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መኪና ቆም የሚልባት፣ ሾፌሩ የሚበላባት መገንጠያ ነበረች፤ እሱም እዚያው የጭነት መኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን ነበር የኖረው። ወደ እኛ፣ ወደ ላስታ ገጠር፣ ያመጣው የገበሬ ማኅበራችን ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መመሪያ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ይነገር በተባለ ጊዜ ለማኅበሩ አንድ ማጉያ፣ አንድ የመብራት ሞተር፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና ሁለት የቆርቆሮ ጡሩምባዎች ከአውራጃው መጡለት። የሚያሠራቸው ሰው ግን አልመጣለትም። ስለዚህ ይማም ተፈልጎ መጣ። አጭር ነው፤ ሽርጡን አገልድሞ ከላይ ኮት ይደርባል፤ በኮቱ የላይ ኪስ ቀይ እጀታ ያለው ካቻቪቴ ይሰካል። በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር የቀለጠ ሊድና የተቃጠለ ሙጫ ይሸታል። ካውያውን በከሰል አግሎ ሽቦ ሲበይድ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣ ነበር፤ ይህን ሲያደርግ ከጠሩት አይሰማም።

አባቴ የማኅበሩ ጸሐፊ ስለነበር የሁለቱ ጠረጴዛዎች በአንዲት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ነበሩ። የአባቴ ላይ መዝገብና ማኅተም፣ የይማም ላይ ያ አረንጓዴ የብረት ማጉያ። ሁለቱ ተግባቡ። ይማም ረቡዕና ዓርብ እኛ ቤት ይበላል፤ በጾም ቀን የሥጋ ነገር ስለማይነሣ እሱም ሳይሳቀቅ እናቴም ሳትጨነቅ ከአንድ ትሪ የሚቀርቡባቸው ቀኖች እነዚያ ነበሩ። ሁዳዴ ሲገባ ይማም ይወፍራል እያለ አባቴ ይቀልድበት ነበር። ይማምም ሽሮውን ይጠርጋል። ከወንድሜ ከሲሳይ ጋር ደግሞ ስለ መኪና ያወራሉ። ሲሳይ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ መኪና የሚያውቀው ከሩቅ ቢሆንም ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን ሲከራከር ሾፌር ይመስላል።

ማጉያው ታዲያ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ያጉረመርማል። ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ ሲበራ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ካለው ግንድ ላይ ከተሰቀሉት ጡሩምባዎች ያ «እምምም» ይወጣና ሸለቆውን ይሞላዋል። በመጀመሪያው ቀን አያ ሞላ የሚባሉ ንብ አርቢ ሽማግሌ ቀፏቸውን አጥነው ተሸክመው መጡ። መንጋ የሠፈረ መስሏቸው ነው። ግንዱ ሥር ቆመው ጥቂት አዳመጡና «ንግሥቲቱ የለችበትም» ብለው ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ይዞ ሲናገር «ጓዶች» የምትለው ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እምምታው ይበላዋል። ነፋስ ያለ ቀንማ «ጓዶች» እንኳን ግማሿ ነበር የምትደርሰን።

ሰው መጀመሪያ ተቸገረ፤ ቆየት ብሎ ግን ተመቸው። ለስብሰባ ተጠርቶ የቀረ «አልሰማሁም» ይላል። ለነጻ ጉልበት ሥራ ተጠርቶ የቀረም «አልሰማሁም» ይላል። ማጉያው እንዲያ እያጉረመረመ ሰማህ ብሎ የሚሞግት አልነበረም። ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው የብሔራዊ ውትድርና ወሬ ሲመጣ ነው። ለምልመላ የተመረጡ ወጣቶች ስም ቅዳሜ ጠዋት በማጉያው ይነበባል፣ ስሙን የሰማ በሦስተኛው ቀን መኪናው ጋ ይቀርባል ተባለ። ሰምቶ የቀረ ከዳተኛ ነው፤ ያልሰማ ግን ያው አልሰማም። እናቴ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጡሩምባው ማጉረምረም ሲጀምር ፊቷ ፈታ ይል ነበር። የልጇን ስም የሚሸፍንላት ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሊቀመንበሩ ከሚሊሺያ የተመለሰ፣ ወፍራም የጎማ ሶል ያለውን የወታደር ጫማውን ለእንቅልፍ እንኳን የሚያወልቅ የማይመስል ሰው ነው። ክፉ ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እሱንም ከላይ የሚጠይቁት ነበሩ። አንድ ቀን ይማምን ጠርቶ ከአውራጃው ጓድ እንግዳ በሁለት ሳምንት እንደሚመጡ፣ ንግግራቸውም አንድ ቃል ሳይቀር መሰማት እንዳለበት ነገረው። እስከዚያ ካልጠራ ነገሩ አሻጥር ነው፣ አንተም ወልድያ እስር ቤት ትወርዳለህ አለው። ያኔ አሻጥር የሚለውን ቃል ሰው እንደ ዋዛ አይሰማውም ነበር። ይማም ጋሸና ላይ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት።

ያን ሰሞን ይማም ያልሞከረው አልነበረም። መሰኪያውን ገለበጠ። የማይክሮፎኑን ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ አራቀ። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት አጠራቅሞ ሽቦውን ጠቀለለበት። ቴፑን ነቅሎ ማጉያውን ብቻውን አሠራው። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ ለአባቴ «ይሄ ነገር ማሳ የለውም» አለው። ማሳ የሚለው ቃል ጣልያን ለመካኒኮች ትቶት የሄደ ነው፤ የእርሻው ማሳ አይደለም። ከማሽኑ አካል ወጥቶ መሬት የሚነካ ሽቦ ማለት ነው። ይማም አንድ ክንድ የምትሆን ፌሮ ብረት ይዞ ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ሊቀብር ወጣ፤ ከአንድ ጣት አፈር በታች አለት ሆነበት። ወደ ግራ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ ሞከረ፣ ፌሮው ተጣመመ። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉበት አለት ለእሱ አንዲት ብረት አላስገባም አለ። ቢገባም ዋጋ የለውም ነበር፤ የሚፈልገው እርጥብ አፈር ነው። እርጥብ አፈር ሁሉ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ለመቆፈር የማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፈ። ስብሰባው ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ስለነበር መንደሩ ሁሉ፣ እኛ ልጆችም ጭምር፣ ሰማን። አባቴ ተነሥቶ አነበበው፦ «ማጉያው ማሳ ስለሌለው ያጉረመርማል። ከእርጥብ መሬት ላይ ማሳ እንዲሰጠው በትሕትና አመለክታለሁ።» ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልነበረበትም። አባቴ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማብራራት ነበረበት፤ ግን አንብቦ ተቀመጠ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ በኋላ ብጠይቀው ድንገት ደነገጥኩ ብሎኛል። እኔ ግን አንድ ቀንም ቢሆን እንዲዘገይ የፈለገ ይመስለኛል። ሲሳይን አስቦ ይሆናል።

ሰው ተንጫጫ። መሬት ለማግኘት ሦስት ዓመት የጠበቁ ወጣቶች እዚያው ተቀምጠዋል፤ ለሣጥን ማሳ የሚሰጠው በምን ሕግ ነው አሉ። አንዱ ማጉያው በሬ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። የምር ነበር የጠየቀው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ይማምን አስነሥቶ፣ እስከ ዛሬ ማጉያውን ስታስጮኸው የኖርከው መሬት እስክንሰጥህ ነው ማለት ነው፣ አለው። «ያጉረመርማል» የሚለውንም ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። አብዮቱ በሰጠው ዕቃ ላይ ማን ነው የሚያጉረመርመው? አብዮት ጥበቃዎቹ ወደ ይማም ጠጋ አሉ። ይማም ማጉያውን እዚህ አምጥቼ ላሳይ ብሎ ለመነ።

ማጉያው ከነጠረጴዛው ወጣ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ እምምታው ጀመረ። ይማም አንድ ጣሳ ውሃ ከጠረጴዛው ሥር ደፋና ሊቀመንበሩ እርጥቡ ላይ ቆሞ የማጉያውን ብረት እንዲነካ ጠየቀው። ሊቀመንበሩ ፈራ ለማለት ባልደፍርም በአንድ ጣት ነው የነካው። ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ ይማም ጫማውን አውልቆ ራሱ ነካው፤ ድምፁ ጎደል አለ። ከዚያ አያ ሞላን ጠራቸው።

«ይንኩት አያ ሞላ፣ ትንሽ ይነዝራል እንጂ አይጎዳም ወላሂ።»

አያ ሞላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ አድርገው አያውቁም። እርጥቡ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ሙሉ ብረቱ ላይ አሳረፉት። እምምታው ድርግም አለ። ሸለቆው ውስጥ ዝምታ ሆነና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከሩቅ ቀረ። እጃቸውን አነሡ፣ ተመለሰ። አሳረፉ፣ ጠፋ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«መሬት ስላልነካ ነው የሚያጉረመርመው» አሉ። «እንደኛው ነዋ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ዘግይቶ ሳቀ። ማሳው ተፈቀደ። ለጽሕፈት ቤቱ ቅርብ የሆነው እርጥብ መሬት ከምንጩ ሥር ያለው የእኛ የጎመን መደብ ጥግ ስለነበር ከእሱ ላይ አንድ ክንድ ተቆረጠ። አባቴም በመዝገቡ ላይ እንደማንኛውም ይዞታ ወሰኑን ጻፈ፦ በምሥራቅ ምንጩ፣ በምዕራብ የጸሐፊው ጎመን፣ ባለይዞታ ማጉያው።

ይማም ብረቱን ሊቀብር የመጣው ረቡዕ ቀን ነው። ጉድጓድ ቆፈረ፣ ከሰል ፈጭቶ ጨመረ፣ ጨው ቢኖር እርጥበቱን ይይዝልኝ ነበር አለ። እናቴ መደቡ ዳር ቆማ ስታየው ነበር።

«አሁን በደንብ ይሰማል ማለት ነው?» አለችው።

«ይሰማል።»

«የሰው ስምም?»

ይማም ጎንበስ ብሎ ከሰሉን ጠቀጠቀ። እናቴ ገብታ ጨው ይዛ መጣችና ሰጠችው። ሰውየው ወልድያ እንዳይወርድ ነው የሰጠችው፤ የምታደርገውን ታውቃለች። በዚያ ዕለት እኛ ቤት ሳይበላ ሄደ።

እንግዳው በመጡ ቀን ማጉያው ፍጹም ጠራ። ሰውየው ከንግግራቸው በፊት ሲስሉ እንኳን ምንጩ ድረስ ተሰማ። ለይማም ተጨበጨበለት፤ ሊቀመንበሩም ከእንግዳው ጋር አስተዋወቀው። አሻጥር የሚለው ነገር በዚያው ተረሳ። ይማም ነጻ ሰው ሆነ። የቀረነው ግን ድምፁ ከጠራ ወዲህ ምክንያት አጣን፤ ስብሰባው ሞላ፣ ነጻ ጉልበቱ ሞላ፣ አልሰማሁም የሚል ጠፋ።

በቀጣዩ ዓርብ ጠዋት አባቴ የተመልማዮቹን ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት እንዲገለብጥ ታዘዘ። ሰባተኛው ስም የሲሳይ ነበር። አባቴ በኋላ እንደነገረኝ ስድስተኛውን ጽፎ ብዕሩን አነሣና ቆመ፤ ቀና ሲል ከፊት ለፊት ይማም እያየው ነው። አባቴ የልጁን ስም በራሱ እጅ ጻፈ። ምሳ ሰዓት ይማም እኛ ቤት መጥቶ በላ፤ ከሲሳይ ጋርም ስለ መኪና ትንሽ ተከራከሩ። እናቴ ነገሩን ከአባቴ ፊት ላይ አንብባው ነበርና ሽሮውን ሁለት ጊዜ ጨመረችለት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ደጅ ላይ ምስር ስትለቅም ሞተሩ ተነሣ። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ከጡሩምባዎቹ የወጣው ያ የድሮው እምምታ ነበር፤ እንዲያውም ከድሮው የባሰ። ሊቀመንበሩ «ጓዶች» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው ሁሉ ተዋጠ። እናቴ ምስሩን መልቀም ትታ ጆሮዋን ሰጠች። ዝርዝሩ እስኪያልቅ አንድ ስም እንኳን አልለየንም። «ምን ይላል?» አልኳት። «አይሰማም» አለችና ሲሳይን ጠርታ አሸተን ማርያም ግድም ያለውን አጎታችንን ጠይቀህ ና ብላ ላከችው። ስሙን ያልሰማ ሰው ዘመድ ቢጠይቅ ሸሸ አይባልም። ሰኞ መኪናው ሲሄድ ገሚሱ ባዶ ነበር ይባላል። ከየት እንደሞሉት እኛ አልጠየቅንም፤ ይህንንም ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም።

ሊቀመንበሩ በዚያው ጠዋት አብዮት ጥበቃዎቹንና አባቴን አስከትሎ ወደ ጎመኑ መደብ ወረደ። ብረቱ ከነሽቦው ተነቅሎ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። መሬቱ የእኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ልጅ የእኛ፣ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው የእኛ። ሊቀመንበሩ አባቴን አየው። አባቴ አይጥ ይሆናል አለ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ እንደዚህ ነው፤ ክንድ የሚያህል ፌሮ የሚነቅል አይጥ ላስታ ውስጥ የለም። አንዱ ጥበቃ የአባቴን ክንድ ያዘ። ያኔ ይማም ከኋላ መጣ፤ ሽርጡ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ። «ላጸዳው ብዬ ነቅዬ መመለሱን ረሳሁት።»

ይማም አንዲት ብሎን ረስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሊቀመንበሩም ይህን ያውቃል። ከአንድ ሳምንት በፊት ያጨበጨበለትን ሰው በዚያው ዕለት ወልድያ ላከው። ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ካቻቪቴዋን ከኪሱ አልወሰዱበትም ነበር።

ሰባት ወር ታሰረ። እናቴ አንድ ጊዜ ልትጠይቀው ሄዳለች፤ ዓርብ ቀን እንድትደርስ አስልታ፣ ሽሮና ድፎ ይዛ። ሲሳይ ቤት እንዳለ ስትነግረው «አብሽሪ» ብቻ አላት። ሲፈታ ወደ እኛ አልተመለሰም፤ ከልጆቹ ጋር ወደ ቆላ ወረደ፣ በኋላም ሞተ ሲሉ ሰማን። እኔ እሱን የማስበው ሳልፈልግ ነው፤ ሲመጣብኝ ግን ቶሎ አይሄድም። አመሰግንሃለሁ ሳልለው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በዓመቱ ስም በማጉያ መጥራቱ ቀርቶ ወጣት ካገኙበት ማፈስ ተጀመረ። ሲሳይን ከገበያ ወሰዱት። አልተመለሰም። አንዳንድ ሰው ታዲያ የይማም ልፋት ከንቱ ቀረ ይላል። እኔ ግን ያችን ዓመት በቃሌ አውቃታለሁ። ሲሳይ የቤታችንን ጣራ እንደገና ከደነ። የመንጋጋ ጥርሱ ታመመና አያ ሞላ ነቀሉለት፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ማር እየላሰ ሰነበተ። የማካፈል ሒሳብ አስተማረኝ፤ ስሳሳት ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። ስሙን የጻፈው አባታችን መሆኑን ሲሰማ ሁለት ወር ሳያናግረው ቆየ፤ በፋሲካ ማለዳ ግን ሄዶ ጉልበቱን ሳመው። ወንድሜን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሆኖ ያየሁት በጋሽ ይማም ነው። ጢሙን ማብቀል የጀመረው በዚያች ዓመት ነበር።